ኩርባው ሳያልቅ የከዳኝ ወገብ

ሕመሙ የጀመረኝ ኩርባ ሳሰምር ነው። ነገሌ ቦረና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በባትሪ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ከሞያሌ ገበያ ገዛሁ፤ ሐዲድ ስላልነበረው ከአጥር ሽቦ ልሠራለት ተነሣሁ። ኮምፔንሳቶ ላይ ሚስማር እመታለሁ፣ አርባ ሳንቲሜትር ክር አስርበታለሁ፣ በክሩ ጫፍ ባለው እርሳስ ጎንበስ ብዬ ግማሽ ክብ አሰምራለሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወገቤን ሰንጎ ያዘኝ።

በጠረጴዛው አሳበብኩ። ባቡሩ ከቀጥታው ወደ ኩርባው ሲገባ እየዘለለ ስለሚወድቅ ደጋግሜ መሥራት ነበረብኝ፤ ያን ያህል ያጎነበሰ ሰው ወገቡን ባያመው ነው የሚገርመው። ጠረጴዛውን በብሎኬት ከፍ አደረግኩት። ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዛሁ ዋጥኩ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ብሎኝ ሸሚዜ በላብ ሲርስ ደግሞ በቆላው ሙቀት አሳበብኩ። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ምክንያት አያጣም። ስድስት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ከክፍል ወጥቼ ግቢውን አቋረጥኩ። ወደ ታች አየሁ። ግራ እግሬ ባዶ ነው። ሰንደል ጫማዬ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዬ ቀርቷል። ሲወልቅ አልተሰማኝም። ጣቶቼን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ። እምቢ አሉ። ፈራሁ።

ነገሌ ሆስፒታል ስሄድ ወደ ሐዋሳ ላኩኝ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሟ ፊልሙን አየችው።

«አከርካሪዎ አጠገብ መግል አለ። ነርቩን ተጭኖታል።»

«መራመድ ያቅተኛል?»

«አሁን እርግጠኛ መሆን አልችልም። ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?»

እጠጣለሁ። አከራዬ አዴ ጡሜ ካለቻቸው አንድ ላም እያለቡ በየቀኑ በጮጮ ይሰጡኝ ነበር። ወተት እሳት ከነካው ላሚቱ ትነጥፋለች ብለው እንደሚያምኑ ስለማውቅ፣ እንዳላስቀይማቸው አፍልቼ ጠጥቼ አላውቅም። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ አለ፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው።

መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ ሁለት ሳምንት ተኝቼ ጣቶቼን ሳይ ከረምኩ። አይነቃነቁም። ሽንት ቤት ደግፈው ሲወስዱኝ አለቀስኩ። ፍርሃቱን ለመርሳት በፊልሙ ፖስታ ጀርባ ኩርባ አሰምራለሁ። አንዱም ከቀጥታው ጋር አልገጠመልኝም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አውራ ጣቴ ንቅንቅ አለ። ከዚያ በኋላ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለሦስት ወር መውሰድ እንድቀጥል ታዝዞልኝ፣ ሽንቴ ቢቀላ እንዳልደነግጥ ተነግሮኝ፣ ቢሆንም ደንግጬ፣ በከዘራ ወደ ነገሌ ተመለስኩ። ኩርባውንም ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀጥታው ቀስ በቀስ እየታጠፈ ወደ አርባ ሳንቲሜትሩ ኩርባ እንዲገባ አድርጌ እንደገና አቀድኩት። ዛሬ ባቡሩ ሳይወድቅ ይዞራል፤ እኔም ግራ እግሬን ትንሽ እየጎተትኩ ጠረጴዛውን እዞረዋለሁ።

ወገባችሁን እያመማችሁ የሚያተኩሳችሁ፣ እንደኔ ምክንያት አትፈልጉለት። ተመርመሩ። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ከአንድ ጮጮ አብሯችሁ የጠጣ ሁሉ ይመርመር። ጥያቄዋ እግሬን ያተረፈልኝን ሐኪም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ሌላም የማመሰግነው ሰው አለኝ። ከሐዋሳ እንደተመለስኩ በሽታው ከጥሬ ወተቱ መምጣቱን ለአዴ ጡሜ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ጮጮውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ተቀየሙኝ ብዬ አዘንኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳልፍ ምድጃቸው ላይ ድስት ጥደዋል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ መምህር?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ። ወተቱ እየፈላ ነበር። «ላሚቱ ብትነጥፍ ትንጠፍ። አንተ ብቻ በእግርህ ሂድልኝ።»