የሻንቶ በቆሎና የእኔ ጨው

ሻንቶ ከተማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ሰባት ሴቶች የገንፎ ዱቄት ያዘጋጁ ነበር። በቆሎ አጥበው ሸራ ላይ ያሰጣሉ፣ ያስፈጫሉ፣ በላስቲክ አሽገው ሶዶ ላለ ሱቅ ይልካሉ። ደመና ሲመጣ ሸራውን ለማንሳት የሚጠራሩት ድምፅ ክፍሌ ድረስ ይሰማ ነበር። ተማሪዎቼ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ፣ ሥርዓት ወዳድ ብሆንም፣ በዚህ አልቆጣቸውም ነበር።

አንድ ጊዜ ዱቄቱ ሻግቶ ከሱቁ ተመለሰ። ስድስቱ ሴቶች ማስጣት ሥራቸው ወደሆነው ትልቋ ሴትዮ ዞሩ። እሳቸው የበቆሎውን መድረቅ የሚያውቁት አንድ ፍሬ ነክሰው ነው።

«ጥርስዎ ነው ያረጀው እንጂ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለች ከስድስቱ አንዷ፣ አሻጊዋ።

አሁን የተሰጣውም በቆሎ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ሸራውን ለሌላ ሰው አስረክበው ግቢ እንዲጠርጉ ተስማሙ። እኔ የባዮሎጂ መምህሩ ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። በእህል ውስጥ የታሰረና ነፃ የሆነ ውሃ እንዳለ፣ ሻጋታ የሚጠቀመው ነፃውን እንደሆነ አስረዳሁ።

«የታሰረው የት ነው የታሰረው፣ ቀበሌ ነው ወረዳ?» አለች አሻጊዋ። ሁሉም ሳቁ።

ከቤቴ ያመጣሁትን ጨው ከበቆሎው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ ናጥኩትና አስቀመጥኩት። እህሉ እርጥብ ከሆነ ጨው ርጥበቱን ስቦ ጠርሙሱ ላይ ይጣበቃል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስናየው ተጣብቋል።

«እርጥብ ነው» አልኩ፣ ሙከራዬ በመሥራቱ እየተደሰትኩ።

ሴትዮዋ ሸራውን ከጥጉ ማጠፍ ጀመሩ። መሃል ላይ ቆም አሉ።

«መምህር፣ ጨውህን በምን ነው የምታስቀምጠው?»

«በሰሃን።»

«ክዳን አለው?»

«የለውም።»

«ሚያዝያን ሙሉ እንዲህ እየዘነበ?»

ለተማሪዎቼ ጨው ከአየር ውሃ ይስባል ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ጨዉን መጥበሻ ላይ አድርቀው፣ አቀዝቅዘው፣ በሌላ ደረቅ ጠርሙስ ከበቆሎው ጋር ናጡት። ጠብቀን ስናየው ጨዉ እንደ አሸዋ ወረደ፤ ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር። በሁሉም ፊት ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ።

«ታዲያ ያኛው ዱቄት ለምን ሻገተ?» አለች አሻጊዋ፣ አሁንም ሳታምን።

«ከወፍጮ መጥቶ እጅ እያቃጠለ ላስቲክ ውስጥ ትከቻለሽ። ስንቴ ነገርኩሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

በቆሎው ተፈጭቶ ሲመጣ አሻጊዋ አንዱን ላስቲክ ለሙከራ እንደሞቀ አሸገችው። ትንሽ ቆይቶ ውስጡ ጠል እንደነካው ሣር አላበው። ቀሪውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አሸጉት። እሱ ከሱቁ አልተመለሰም። ሸራውንም ያነሳባቸው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ ከተው «ገና ነው» ካሉ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ከሰዓት እኔም አጥሩን ዞሬ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እጄ ላይ የሚታረም ደብተር ይኖራል፤ አላርመውም። ከሻንቶ ከተዛወርኩ ቆየሁ። ዱቄት እስኪቀዘቅዝ ያለ ሥራ የተቀመጥኩበት ያ ሰዓት ግን አሁንም ይናፍቀኛል።