እስከ ጥዱ ድረስ

ኪኑኤ ሌላ ሰው ሻንጣዋን ሲይዝላት አትወድም። በዚያ ጉዞ ከባቡር በወረድን ቁጥር የኛንም ጭምር አንጠልጥላ መውጫው በር ላይ ቆማ እናገኛታለን። ግራ ጉልበቷ ከታጠፈ አይዘረጋም፤ ከተዘረጋ አይታጠፍም። ቶዮ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እንግዶችሽ እኮ አይደለንም" አለቻት። ኪኑኤ ሻንጣዎቹን አላወረደችም።

አራት ነን። ሦስታችን ባሎቻችንን ቀብረናል። የፉሳኮ ባል በሕይወት አለ፤ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት አይነሳም። የተዋወቅነው መናፈሻው ውስጥ ነው። በየማለዳው ሬዲዮ እየሰማን እጅና እግራችንን እናፍታታለን፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ያልመጣውን ሰው እናማለን። ቶዮ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ትሸጥ ነበር። ፉሳኮ ፀጉር ትሠራ ነበር። እኔ ፖስታ ቤት ነበርኩ። ኪኑኤ ደግሞ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ተራራው ላይ፣ ሱጊያ በተባለ የፍልውሃ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ ኖራለች።

በየዓመቱ ቅጠል ሲቀላ አብረን አገር ለማየት እንወጣለን። የምንሄድበትን በየተራ እንመርጣለን። ቶዮ በተራዋ ሸርጣን ወደሚበላበት የባሕር ዳርቻ ወሰደችን፤ ከሸርጣን በቀር ያየነው ነገር ትዝ አይለኝም። ኪኑኤ ግን ተራዋ ሲደርስ ሁልጊዜ ለሌላ ትለቅ ነበር። ዘንድሮ ሳትጠየቅ፣ "ሱጊያ እንሂድ" አለች። ማረፊያው በረዶ ሳይወርድ እንደሚዘጋ ሰምታለች። የማረፊያው እመቤት ወራሽ የላትም።

"እንደ እንግዳ ገብተሽበት ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"በፊት ለፊቱ በር እንኳ ገብቼ አላውቅም" አለች።

በመንገዳችን ላይ የሚታየውን ሁሉ አየን። የድሮውን የመሳፍንት ምሽግ ዞርን። የቤተ መቅደሱን ደረጃ ወጣን፤ ቶዮ ጃንጥላዋን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጋ ትመራናለች፣ ፉሳኮ ደግሞ እየቆመች የሰው ፀጉር አቆራረጥ ትተቻለች። ከደረጃው ግርጌ ቀዝቃዛ የሶባ ፓስታ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ እየማግን በላን። ፎቶ ተነሣን። ኪኑኤ በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ወደ ተራራው ዞራ ነው የምትታየው።

አመሻሽ ላይ የማረፊያው ሚኒባስ ከጣቢያው ወሰደን። ሹፌሩ አዲስ ሰው ስለሆነ አላወቃትም። ሱጊያ በር ላይ ግን ሠራተኞቹ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። እመቤት ሺዙኖ ፀጉሯ ሸብቷል። ኪኑኤን ስታያት አጎንብሳ በዚያው ቀረች፣ ቀና ማለት አቃታት። ኪኑኤም አጎነበሰች። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ቶዮ፣ "ማንኛቸው ቀድመው ቀና እንደሚሉ እንወራረድ" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ኪኑኤ ቀና ስትል ዓይኗን ጠረገችና ጫማዋን አውልቃ፣ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሦስታችንንም ጫማ አፉን ወደ በሩ አዙራ ደረደረች። ይህ የአስተናጋጆቹ ሥራ ነው።

እራታችንን የቤቱን የጥጥ ካባ ለብሰን፣ ሰሌኑ ላይ ተቀምጠን በላን። ምግቡ በየተራው ይመጣል፤ መጀመሪያ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ ከዚያ ጨው ተነስንሶበት በከሰል የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ፣ ከዚያ የእንጉዳይ ሩዝና የሚሶ ሾርባ። ኪኑኤ አንድ ሳህን ባዶ በሆነ ቁጥር እጇ ብድግ ይላል። ፉሳኮ መታቻት።

"ሌላ ሳህን ከነካሽ እጅሽን በመቀነትሽ ነው የማስርልሽ።"

"ይደርቃል እኮ" አለች ኪኑኤ።

"ይድረቅ። አንቺ ብዪ።"

ዓሣውን ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችና ማላመጧን አቆመች። ምን ሆንሽ አልናት። "ትኩስ ነው" አለች። በወጣትነቷ ይህን ዓሣ ከማጀት ወደ ክፍል ስትሮጥ ነው ያሳለፈችው። ለሠራተኛ የሚደርሰው ጅራቱ የተቆረጠው ወይም ሲገለበጥ የተሰበረው ነበር፤ የሚበላውም እንግዳው ሁሉ ከተነሣ በኋላ፣ ቆሞ፣ ቀዝቅዞ። ከዚያ በኋላ ቶዮ የራሷን ዓሣ አንስታ ሳህኗ ላይ አስቀመጠችላት። እንዲህ ያለ ነገር ከቶዮ አይጠበቅም።

ሌላውን የነገረችን ፍልውሃው ውስጥ እስከ አንገታችን ተነክረን ነው።

ወደ ሱጊያ ስትመጣ ልጃገረድ ነበረች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ጀልባው ሲሰበር ከልጆቹ ሁሉ ትልቋን ወደ ሥራ ሰደደ። የዛሬዋ እመቤት እናት ኪሞኖ አለበሰቻትና ሦስት ነገር አስተማረቻት። ተንበርክኮ በር መክፈት። ሰው ሲበላ ፊቱን አለማየት። ሦስተኛው ሽኝት ነው። አሮጊቷ፣ መቀበልማ ጥቅም አለበት፣ ሂያጁን መሸኘት ግን ንጹሕ ነው ትል ነበር። እንግዳ ሲሄድ ሠራተኛ ሁሉ ይሰለፋል። መኪናው ድልድዩን ይሻገራል፣ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ ከትልቁ ጥድ ኋላ ሲታጠፍ ይሰወራል። እስከ ጥዱ ድረስ ማንም እጁን ማወዛወዙን አያቆምም። ዝናብ ቢሆንም፣ በረዶ ቢሆንም።

የኪኑኤ ቦታ ከድንጋዩ የውሃ ገንዳ አጠገብ ነበር። ከጎኗ የምትቆመው ማሱ የምትባል ምላሰኛ ሴት ናት። ማሱ እጇን ታወዛውዛለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ደግሞ ታጉረመርማለች። እንግዳው ድልድዩን ሳይሻገር ለስንቅ የሰጠነውን የሩዝ ድቡልቡል ፈትቶ መብላት ጀምሯል፤ ማን ዞሮ ያየናል፤ ለዛፍ ነው እጅ የምንነሣው ትላለች። ኪኑኤ፣ ያያሉ ባይ ናት። ሁለቱ ሴቶች አብረው አረጁ፤ ክርክሩ አላለቀም። ማንኛቸውም በእንግዳ መኪና ሄደው አያውቁማ። ሠራተኛ ለዕረፍት ሲወርድ በጓሮ በኩል፣ ከአትክልት አምጪው የጭነት መኪና ጋር ነው። ኪኑኤ ባሏን፣ የውሃ ማሞቂያውን ሠራተኛ፣ ስትቀብርም የወረደችው በዚያው መንገድ ነው።

"ማሱ ባለፈው ጸደይ ሞተች" አለች። "ነገ የኋላ ወንበር ላይ ልቀመጥ። ጥዱ ጋ ስንደርስ ሰው ይታይ እንደሆነ ልየው። ሌላ ጊዜ የለም፤ ቤቱ ይዘጋል።"

"ባይታይስ?" አለች ፉሳኮ።

ኪኑኤ ፎጣዋን ጨምቃ ራሷ ላይ መለሰችና፣ "ያን ሁሉ ዘመን ለጥድ ነው እጅ የነሣሁት ማለት ነዋ" አለች። ሳቀች፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

ጠዋት አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ኪኑኤ ከሁላችን ቀድማ ወጥታ ካፖርቷንና ኮፍያዋን የኋላ ወንበር ላይ አኑራ ቦታ ያዘች። ካፖርቱን ከወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቅላ፣ ኮፍያውን ከላይ ደፋችበት። ከዚያ ሠራተኞቹን ልሰናበት ብላ ተመለሰች። እኛም የመንገድ ስንቃችንን፣ በቅጠል የተጠቀለለውን የሩዝ ድቡልቡል፣ ተቀብለን ገባን። ሠራተኞቹ ወጥተው ተሰለፉ። ድሮ ሰልፉ እስከ አትክልቱ አጥር ይደርስ ነበር አሉ፤ አሁን አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከድንጋዩ ገንዳ አጠገብ ክፍት ቦታ ነበር።

ቶዮ ከፊት ሆና፣ "ሁላችንም ገባን?" አለች። ዞር ብዬ ኮፍያውን አየሁና፣ "ገባን" አልኩ። በሩ ተዘጋ።

ድልድዩን ስንሻገር ኪኑኤን፣ "እስካሁን ይታያሉ?" ብዬ ጠየቅኳት። ስዞር ካፖርትና ኮፍያ ነው። በኋላው መስታወት ሳይ ሰልፉ ላይ ስድስት ሰው አለ። አምስቱ ኪሞኖና የሥራ ልብስ ለብሰዋል፤ ስድስተኛዋ ቡናማ ሹራብ። ከገንዳው አጠገብ ቆማ፣ እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ከግራ ወደ ቀኝ ታወዛውዛለች።

ቶዮ ሹፌሩን ትከሻውን ያዘችው። "አቁም፣ ሰው ረስተናል።"

"አታቁም" አለች ፉሳኮ። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። "እስከ ጥዱ ድረስ ሂድ። ቀስ ብለህ።"

ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ እነዚህ ባልቴቶች ምን ነካቸው በሚል ፊት ነዳ። ሦስታችን የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክከን አየን። ድልድዩ ጠበበ። ቤቱ የክብሪት ሳጥን አከለ። ሰዎቹ ፊት የላቸውም፣ ከዚያ እግር የላቸውም፤ እጃቸው ግን አለ። ፉሳኮ ማልቀስ ጀመረች፤ ቶዮ መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገች፤ መስታወቱ ግን ንጹሕ ነበር። ጥዱ መጣና ሸፈናቸው።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና መመለስ አይችልም። ሹፌሩ ከጥዱ አልፎ፣ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ አቆመ። ወርደን ከዛፉ ወዲህ ቆመን ጠበቅን።

ማረፊያው በር ላይ የሆነውን እመቤት ሺዙኖ በኋላ በስልክ ነገረችን። መኪናው ሲሰወር ሁሉም እጁን አወረደ። ኪኑኤም አወረደች፤ ወደ ማጀት ልትገባ እንደ ድሮው ዞረች። ያኔ እመቤት ሺዙኖ፣ "እትዬ ኪኑኤ፣ እርስዎን ማን ይሸኝዎታል?" አለቻት። ኪኑኤ ሹራቧን አየች፣ ባዶውን መንገድ አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። በቤቱ የጭነት መኪና እናድርስዎት ቢሏት እምቢ አለች። በጓሮ ወርጄ ጠግቤያለሁ ብላ በፊት ለፊቱ በር በኩል፣ በእግሯ ወጣች።

በጥዱ ጎን አጮልቀን ስትመጣ አየናት። ድልድዩን ተሻገረች፣ በወንዙ ዳር ያንን ጉልበቷን እየጎተተች መጣች። ከኋላዋ አምስቱ ሰዎች አሉ፤ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። መኪና በአፍታ የሚያልፈው መንገድ ለእርሷ ረጅም ነው። አንዳቸውም አልገቡም። ቶዮ ልትጠራት አፏን ስትከፍት ፉሳኮ እጇን ያዘቻት።

ኪኑኤ ጥዱ ጋ ደርሳ ቆመች። ዞረች። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየች አላውቅም። እጇን አላነሳችም፤ ዝቅ ብላ አጎነበሰች። ከዚያ በድንገት ቀና ብላ፣ እንደ ልጃገረድ ባይሆንም ልጃገረድ ልትሆን እንደምትሞክር ሰው፣ እያነከሰች ወደኛ ሮጠች። ዛፉ ከኋላዋ ዘጋባት።

ትንፋሿ እስኪመለስ መኪናው ውስጥ ደግፈን አስቀመጥናት።

"እናንተስ?" አለች። "ታየሁ?"

"ሹራብሽ ታየ" አለች ፉሳኮ። "እጅሽም። እስከ መጨረሻው።"

ኪኑኤ ራሷን ነቀነቀች። "ማሱ ይህን መስማት ነበረባት" አለች። "አታምንም እንጂ።"

"እንዲያው በዚያ ጉልበትሽ ምን አስሮጠሽ?" አለች ቶዮ። "እየጠበቅንሽ አይደል።"

"ከዓይናቸው ካልራቅሁ እጃቸውን አያወርዱም" አለች። "ምግብ አብሳዩ ትከሻውን ያመዋል፤ አውቀዋለሁ።"

ኮፍያዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ አጠለቀች። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ቶዮ የሩዝ ድቡልቡሉን ከቦርሳዋ አወጣችና ይብላ አይብላ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ኪኑኤ አየች።

"ፍቺው" አለች ኪኑኤ። "ጥዱን አልፈናል።"