በለቅሶው ድንኳን የተናገሩት ስልኮች

በ2017 ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ቦንጋ ዝናቡ ከያዘ አይለቅም፤ ጎረቤታችንን የቀበርናቸውም በዝናብ ነው።

ባሌ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ እኔ ኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ሁለታችንም ከሌላ አገር የመጣን ነን። ልጄን ከአራስነቷ ጀምሮ ሥራ ስውል የያዙልኝ እኚህ ጎረቤታችን ናቸው። አፏን የፈታችው በሳቸው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። በእንቅልፏ ስታወራ አጠገቧ ተኝቼ የምትለው አይገባኝም ነበር። እናት ልጇ በህልሟ ምን እንደምትል አለማወቋ ያማል።

በስልክ ቋንቋውን የምማርበትን መተግበሪያ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ከሥራ መልስ፣ በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል ጥቂት ጥቂት እያልኩ ሠራሁት። ስልክ ላይ ካርድ ይመጣል፤ ፊቱ ካፊኖኖ፣ ሲገለበጥ አማርኛ ነው። የረሳሁትን ቃል ቶሎ ቶሎ፣ የያዝኩትን አልፎ አልፎ ያመጣልኛል። ድምፁን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኬን እንደ ጨቅላ በሁለት እጃቸው አቅፈው ተናገሩልኝ። ያንን ለኤአዩ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ አስተማርኩት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ብለውት የማያውቁትን ዓረፍተ ነገር በሳቸው ድምፅ ማለት ቻለ።

ሳሰማቸው ሳቁ። ልጄ ናት ያሉትን የተረጎመችልኝ።

"እኔ ስተኛ ይቺ ትሠራለች ማለት ነው። በይ ንገሪያት፣ የጓሮዬንም ቡና ትልቀምልኝ።"

ለባልደረቦቼም ሰጠኋቸው። አዲስ ለመጡ መምህራን፣ ለነርሶች። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤአዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ በሁሉም ስልክ ላይ እኩል ይናገራል። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ያንን ሰዓት መረጥኩ።

ጎረቤታችን ሲያርፉ ይህን ማንም አላስታወሰም። እኔ ድስት እጥድ ነበር።

ልጃቸው ደካ ነው የሚኖረው፤ ግንድ ጫኝ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል። የእናቱን መታመም ሲሰማ ወዲያው ተነሣ። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ዋጠው። የቀረውን በእግሩ መጣ። ሲደርስ አልፈዋል፤ በሩን በሩን ሲያዩ ቆይተው ነው ያለፉት። ይህንን ነግረውታል፤ ባይነግሩት ይሻል ነበር። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። አካፋውን ገፍቶ አፈሩን በእጁ ይመልስ ነበር። ጥፍሩ ሥር ደም አየሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። በኛ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ እድር ነው። ባልደረቦቼ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ንፍሮ ይዞራል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ ከአንድ ኪስ ተሰማ። ወዲያው ከሌላ ኪስ፣ ከቦርሳ፣ ከነጠላ ሥር። ሁሉም በሟቿ ድምፅ።

"ግባ። ለምን ዘገየህ?"

ቋንቋውን ለማይሰማ ምንም አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛው ይሰማል። ንፍሮ የሚያዞሩት ሴት ሰሃኑን ለቀቁት። ስልኮቹ ደገሙት፤ ካርዱ ሁለት ጊዜ እንዲናገር አድርጌ ነው የሠራሁት።

"ግባ። ለምን ዘገየህ?"

ልጃቸው ተነሣ። አንድ ወጣት መምህር ስልኩን ለማጥፋት ይታገላል። አጠገቡ ደረሰና በቡጢ አፉን መታው። ጥርስ ንፍሮው መሐል ወደቀ። ስልኩን አንሥቶ በጉልቻው ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። መምህሩ ሲወድቅ በጫማው ጎኑን ረገጠው። ደግሞ ረገጠው።

"ተወው" አልኩ። "የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ዞረ። "እናቴን ስልክ ውስጥ አስገባሻት?"

"ድምፃቸውን ነው። ፈቅደውልኝ ነው።"

"እኔን ዘገየህ እንድትለኝ ፈቀደችልሽ?"

ሻርፔን ጨብጦ ጎተተኝ። ታነቅሁ። የአግዳሚው ጠርዝ ቅንድቤን ተረተረው፤ ደሙ ሞቅ ብሎ ዓይኔን ሞላው። ከዚያ የሰማሁት እንጨት አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው። ባሌ ነው። ዕድሜውን በመቀስና በሜትር የኖረ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። የድንኳኑን ካስማ ነቅሎ የሰውየውን ክንድ ሰበረው። ሰውየው በደህና እጁ ባሌን ጎኑ ላይ መታው። ካስማው ሲነቀል የሸራው አንድ ወገን ወደቀ፤ ያቆረው ውሃ ራሳችን ላይ ተዘረገፈ። ሰው ከሰው ተደባለቀ። የሚገላግለውም ይመታል። ልጄን ጠረጴዛ ሥር አገኘኋት፣ ሁለት ጆሮዋን ይዛ።

ሰውየው ከመሐላቸው ወጥቶ ወደኛ ግቢ ገባ። ከማገዶ መፍለጫው ላይ መጥረቢያ አነሣ። በራችንን በእግሩ ገነጠለው። ላፕቶፔን አውጥቶ ግንዱ ላይ አጋደመውና በአንድ እጁ ፈለጠው። ቁልፎቹ ጭቃ ላይ እንደ ጥርስ ተበተኑ። ፍልጡን ከተፈው፣ ክትፉን ደቆሰው።

"ወጣች?" አለኝ እያለከለከ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። "አልወጡም" አልኩት። "ድምፁ እዚህ ውስጥ አይደለም፣ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከዚህ ሆኜ ነበር የማጠፋው።"

"በምን?"

"በዚህ በፈለጥከው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

የእድራችን ዳኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጃንጥላ ይዘው መሐላችን ቆሙ። "ነገም በዚህ ሰዓት ይናገራል?" አሉኝ።

"ካላጠፋሁት አዎ።"

ሰውየው መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው። "ነገ እናቴ ደግማ ዘገየህ ካለችኝ፣ ይሄ የሚያርፈው ግንድ ላይ አይደለም።"

መብራት ጠፍቶ ነበር። ኮሌጁም ተዘግቷል። እስከ ጠዋት የማደርገው አልነበረም። ስልኳ ከተናገሩት አንዱ የነበረ ነርስ ቅንድቤን በባትሪ ብርሃን ሰፋችው። "ለዓይንሽ ትንሽ ነው የቀረው" አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ማደንዘዣ አልነበራትም፤ በየስፌቱ ደገምኩት።

ከመሸ በኋላ የባሌ ታናሽ ወንድም ከሺሺንዳ መጣ። በመኪና ሰዎች ጭኖ ነው የመጣው። ብረት ይዘዋል።

"እትዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ።" አየኝ። "በቃ።"

"ምኑ ነው በቃ?"

"ዛሬ እሱም ከእናቱ አጠገብ ይተኛል።"

ባሌ ጎኑን ይዞ ተነሣ። እንዲያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። የእድሩ ዳኛ ተከትለው ገብተው ኖሮ ጃንጥላቸውን አጠፉ።

"በለቅሶ ላይ ደም ያፈሰሰ፣ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ከጨመረ፣ እድሩ አይቀብረውም። ለሟች ልጅ ነግሬው መጣሁ። ለእናንተም ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ የሺሺንዳ ነኝ" አለ የባሌ ወንድም። "የናንተ እድር አይቀብረኝም።"

"አንተን አይቀብርህም። ወንድምህንስ? ብቻህን ተሸክመህ ብቻህን አፈር ታለብሰዋለህ?"

"እሱ ሴት ደብድቦ፣ የሰው ልጅ ጥርስ አርግፎ ይቀበራል?"

"ለቅሶው ሲያልቅ ቆሞ ይዳኛል። እኔ አለሁ። ዛሬ ግን እናቱን የቀበረ ሰው ነው።"

ሁሉም ወደ ባሌ አየ። ባሌ ወደኔ አየ። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሰውየው ሲመታ ማየት እፈልግ ነበር። ሻርፑ አሁንም አንገቴን ያነቀኝ ይመስለኛል። ልጄ ግን ጥግ ይዛ ታየናለች። ያሳደጓት ሞተው፣ አባቷ ብረት ሊይዝ ነው።

"ነገ ጠዋት አጠፋዋለሁ" አልኩ። "እስከዚያ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም። የሚወጣ እኔን ረግጦ ነው።" በር ስላልነበረን ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የባሌ ወንድም ብረቱን እንደያዘ ፊቴ ቆመ። ቆይቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"ወንድሜ" አለ፣ "አንተ ያገባኸው ሚስት አይደለም፣ መቀርቀሪያ ነው።"

ባሌ ሳቀ፤ ጎኑን ስላመመው መልሶ ተቀመጠ።

ልጄ መጥታ ጭኔ ላይ ጋደም አለች። "ነገ እማማን ታጠፊያቸዋለሽ?"

"እማማ አርፈዋል። ስልኩ ውስጥ ያለው እማማ አይደሉም።"

"ታዲያ ለምን ሰው ተመታ?"

ፀጉሯን ዳበስኩላት።

በማግስቱ ሱብሂ ሰገድኩ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ስፌቱ ተሳበ፤ ዓይኔን ስለተወልኝ፣ ባሌንም ነፍስ ከማጥፋት ስለያዘልኝ አላህን አመሰገንኩ። በባጃጅ ኮሌጅ ሄድኩ። መብራት መጥቷል። የሟቿ ልጅ የኮሌጁ በር ላይ ቆሟል፤ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎታል። መጥረቢያ አልያዘም። ጥበቃው ሊከለክለው ሲል ይግባ አልኩ።

ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ሁለት ፋይል አሳየሁት። "ማሽኑ ያበጀው ድምፅ ይሄ ነው" አልኩት።

"ግደይው።"

አጠፋሁት። የወራት ሥራዬ ነው፣ ዓይን እስኪርገበገብ አልፈጀም።

"ያ የቀረውስ?"

"እሱ ማሽን አይደለም። ጓሮ ተቀምጠው ራሳቸው የተናገሩት ነው።"

"ምን ትላለች?"

"ይቆጥራሉ። ጎመን፣ ጎደሬ፣ በሬ፣ እያሉ ይጠራሉ። አንድ ቦታ ዶሮ ያባርራሉ።"

"ስለኔስ?"

"የለም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። "ዶሮዋን አሰሚኝ" አለ።

አሰማሁት። እማማ ዶሮዋን ይሰድባሉ፤ ልጄ ከሩቅ ትስቃለች፤ በርጩማው ይንቋቋል። ሰውየው በደህና እጁ ጠረጴዛውን መታ። ደጋግሞ መታው፣ ጣቱ እስኪደማ። ከዚያ ግንባሩን እዚያው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ወደ መስኮቱ ዞርኩለት።

ድምፃቸውን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት። ለልጄም አንድ አስቀረሁ፤ ይህንንም ነገርኩት። ይቅርታ አላለኝም። ዳኝነቱ ገና ነው።

ቤት ስመለስ ካስማው ግድግዳው ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ የእድሩ ንብረት ነው። ደሙን በውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ወደ ለቅሶው ቤት ሄጄ ለዳኛው መለስኩ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን ለማጠብ ተቀመጥኩ።