ድንጋዩን ማን ይሸከም

እኔ ለራሴ ጠብ እንጂ ለሰው እርቅ የምሆን ሴት አይደለሁም። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ሽማግሌ ተብዬ ተቀመጥሁ። እንድናስታርቃቸው የቀረቡልን ሁለት ፈረንጆች ናቸው፤ አንዷ አየርላንዳዊት፣ አንዱ እንግሊዛዊ። ሁለቱም እኔ ቤተ መጻሕፍቱን በምይዝበት የባሕር ዳር ኮሌጅ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እኔን የመረጡኝም ብልህ ነች ብለው አይደለም፤ «ተበዳይዋ ሴት ናት፣ ሴት ትግባበት» ተብሎ ነው። አብረውኝ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው።

ጠቡ የተነሳው በመምህራን ክበብ፣ በጾም ቀን፣ ምሳ ላይ ነው። በያይነቱ ላይ ድንች ወጥ ነበረበት። እንግሊዙ ድንቹን በእንጀራ እየጠቀለለ «ቶሎ ቶሎ ብሉ እንጂ፤ የእሷ አገር ሰዎች እኮ ድንች ካለቀባቸው አብረው ነው የሚያልቁት!» አለ። ገበታው በሳቅ አበደ። እሷ ግን የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችና እጇን ታጥባ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክበብ አልገባችም፤ ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላ ጀመር።

እኔም ስቄያለሁ። ምኑን ልደብቀው? ምን ማለቱ እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይገባኝ፣ ሰው ሲስቅ አይቼ ሳቅሁ።

በነጋታው መጽሐፍ ልትመልስ ስትመጣ «ምነው አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው» አልኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምስት ዓመት ባሕር ዳር ኖራለችና አማርኛዋ ከእኔ ጋር ለመጣላትም ለመታረቅም ይበቃል። ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ። አገሯን እንግሊዞች ሲገዙ፣ ድሃው ገበሬ ከድንች በቀር የሚቀምሰው አልነበረውም፤ መሬቱ የጌቶች፣ እህሉም የመሬቱ ኪራይ ነው። ድንቹን በሽታ መታውና አፈር ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ እህሉና ከብቱ መርከብ ላይ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። ኪራይ ያቃተው ከነልጆቹ ከቤቱ ይወጣል፤ ቤቱም ዓይኑ እያየ ይፈርሳል። ከሞት የተረፈው ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ።

«ቋንቋችንም አብሮ ሄደ» አለችኝ። «የአያቶቼ አያቶች በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ ትምህርት ቤት ይገረፉ ነበር። እኔ ዛሬ እዚህ የማስተምረው የገራፊዎቹን ቋንቋ ነው። እሱንም ችዬዋለሁ። ግን ምሳዬ ላይ አይሳቅብኝ!»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እናቴ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ከወሎ ስትወጣ ታላቅ ወንድሜን መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣችው። እዚህ ተወልጄ ሳድግ የሰፈር ልጆች «የእርዳታ ስንዴ» ይሉኝ ነበር፤ ስንቱን በቡጢ አፍንጫውን እንዳደማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አይ እኔ! የዚያች ሴት ልጅ ሆኜ በሰው ረሀብ እሳቃለሁ? ይቅርታ ልላት ፈልጌ ኀፍረት ያዘኝና «አይዞሽ» ብዬ ብቻ ሸኘኋት።

ወር ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ሲቀሩ ነው እንግዲህ ኮሌጁ ሽማግሌ ያስገባው። ጋሼ ሐይቁ ዳር ካሉት አሣ ቤቶች በአንዱ፣ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ አስያዙ። ገና አሣው ሳይቀርብ ነገሩን ሊጨርሱት ተጣደፉ።

«እናንተ እኮ ወንድምና እህት ማለት ናችሁ» አሏቸው። «መልካችሁ አንድ፣ ቋንቋችሁ አንድ፣ ጎረቤታሞች። በሰው አገር እንዲህ መሆን ደግ አይደለም። ያለፈው አለፈ። በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ።»

እንግሊዙ ፈጠን ብሎ ብድግ አለ። እሷ አልተነሳችም።

«ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለፈው ጊዜ ሐሙሲት ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ሊያስታርቁ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄደው ነበር። መጀመሪያ ተበዳዩ በደሉን እስኪበቃው ተናገረ። በዳዩ አመነ። ከዚያ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ። እርስዎ ይብቃ አሉ፤ ተበዳዩ ድንጋዩን አወረደለት። መሳሳሙ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ለእኔ ሲሆን ድንጋዩ የት ገባ?»

ጋሼ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ያ የእኛ ወግ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ድንጋይ ይሸከማል?»

እንግሊዙም ተቀበላቸው። «ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። መርከቡን የጫንሁት እኔ አይደለሁም። ቀልድ ነበር፤ ሁሉም ስቋል።»

«ሰማሽ፣» አሉ ጋሼ ወደ እሷ ዞረው። «በይ ለእኛ ስትይ ተነሽ። ለሽማግሌ እምቢ አይባልም።»

ደሜ ፈላ። በዳይ አጠፋሁ ሳይል ተበዳይ ይቅር በይ ተብላ ልትገደድ ነው፤ የማስገድዳት ደግሞ እኔ! ሁሉም ስቋል ሲል ያ ሁሉም የተባለው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ወደማንም አያደላም ይባላል፤ የራሱ ጉዳይ! ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ እኔ እዚህ ሽማግሌ ሆኜ መቀመጥ አልችልም። በዳይ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ተቀመጪ!»

አልተቀመጥሁም። ወደ ውኃው ወረድሁና ከዳሩ አንዱን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጄ አነሳሁ። ከባድ ነው፤ ውኃው በጀርባዬ እየወረደ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ፊቷ ጎንበስ አልሁ። አስተናጋጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። ይዩ!

«በእናንተ ረሀብ ስቄያለሁ፤» አልኋት። «እናቴ ልጇን በረሀብ ቀብራ፣ እኔ ረሀብ ምን እንደሆነ እያወቅሁ ከሳቂዎች ጋር ሳቅሁ። አጥፍቻለሁ።»

«ይብቃ፣ ይብቃ!» አሉ ጋሼ እየተጣደፉ። እሷ ድንጋዩን ከላዬ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። አቀፈችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ያን ቀን የከበደኝ ድንጋዩ ሳይሆን ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ነበር።

ከዚያ ወደ እንግሊዙ ዞረች። «አንተስ?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «የአያቶቼን ጥፋት እኔ ልሸከም?»

«የአያቶችህን ማንም አይችለውም። ያንተን ቀልድ ነው ያልሁህ።»

እሱ ወደ ጋሼ አየ፤ ጋሼ ወደ ሐይቁ አዩ። ይሄዳል ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እንዲሄድም ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ አለና ድንጋዩን ጨብጦ አነሳው። እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም፤ ማጅራቱ ላይ እስኪያደርገው ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ። ፊቷ ቆመና ጎንበስ ብሎ በተሰባበረ አማርኛው «አጥፍቻለሁ» አለ።

ጋሼ ይብቃ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ።

«አይሉም ጋሼ። ዛሬ ይብቃ የምትለው እሷ ናት።»

እሷ ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች። ዓይኗን ጠረገችና ድንቹ መጀመሪያ ከበሰበሰበት ዓመት ጀምራ፣ እህሉን፣ መርከቡን፣ የፈረሱትን ቤቶች አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር። እሱ እንዳጎነበሰ ይሰማል። አሣው ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ እሷ ገና ግማሹን አልነገረችውም ነበር።