የጠፋማ ይፈለጋል

በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ አጎቴ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤታችን «ኃጢአተኛ ለዘላለም ይቃጠላል» አለ።

«ጠፍቶ ይቀራል እንጂ! ለዘላለም የሚበቃ ማገዶ ከየት ይመጣል?» ብዬ ተከራከርኩት።

አጎቴ ሳቁብን። «የጠፋማ ይፈለጋል» አሉ።

ለክርክር ያሉት አልነበረም። ዐረቄ ይዞኝ ሳምንት ስጠፋ፣ በዚያ በሚያነክስ እግራቸው ሃፍላ ተሳፍረው፣ ሶባ ሆስፒታል ድረስ እየሄዱ ስለ እኔ ይጠይቁ ነበር። ሲያገኙኝ «ጠፋህ እኮ፣ አንተ የገሃነም ማገዶ!» ይሉኛል።

«ማን ፈልጉኝ አለዎት?» እላቸው ነበር።

ከቀበርናቸው ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ። ሁለቱንም ጊዜ በገዛ እግሬ ተመለስኩ። በሩን ራሴ ከፈትኩ፤ «ጠፋህ» ያለኝ የለም።