«አውቄ ነበር» ባዩ ሙሀመድአሚን

ሙሀመድአሚን በቀን ስንት ጊዜ ካልሲውን እንደሚያወልቅ የከሚሴ አስፋልት ዳር ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የፉርሽካ ሱቄ በር ላይ ተቀምጠን እያወራን ድንገት ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ይስባል፣ እግሩን ገልብጦ ያያል፣ በጣቶቹ መሃል ይዳብሳል። ግራ እግሩ ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው።

«ምን አገኘህ?» እለዋለሁ።

«ምንም።»

«ቅድምም ምንም ነበር።»

«ቅድም ቅድም ነው» ይለኛል፣ መልሶ እያጠለቀ።

ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔና እሱ ከብት ስንነግድ ነው ያረጀነው፤ በሬ ከጨፋ ሮቢት፣ ፍየል ከባቲ። ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ወደ ባቲ ወጣን፣ የሰኞን ገበያ ውለን ማክሰኞ ተመለስን። ኹፍ የምንለውን የቆዳ ካልሲ አድርጎ ነበር። መንገደኛ ኹፍ ካደረገ ለውዱእ፣ ለሰላት ትጥበት፣ እግሩን ማጠብ የለበትም፤ እስከ ሦስት ቀን ከላይ በእርጥብ እጁ ቢያብሰው ይበቃዋል። እሱም አበሰ። በዚያ መሃል የግራር እሾህ ሸበጡንም ኹፉንም በስቶ ከትንሿ ጣቱ ሥር ገብቷል። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማውም። ቤቱ ገብቶ ሲያወልቅ ቁስሉን መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ዘሃራ ናት። በወሩ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ለጠየቀው ሁሉ «ወላሂ ምንም አልተሰማኝም» ነበር የሚለው። ከሦስት ወር በኋላ «ትንሽ ይነዝረኝ ነበር መሰለኝ» አለ። ዓመት ሲሞላው «ኹፉ ጠቦኝ ነበር» ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ዝንብ መጣች፤ ሰኞ ዕለት ዝንብ እግሩን አልለቅ ብላው፣ ያኔ ውስጡ ነግሮት ነበር። እንግዲህ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባቲ ገበያ ላይ ዝንብ ማንን ትለቃለች? ሰውዬው ፍየል እየጎተተ ሲስቅብኝ ነው የዋለው። የሚያናድደኝ ግን፣ ከመስማት ብዛት እኔም ሲያነክስ ያየሁት እየመሰለኝ መጣ። አላነከሰም። እምላለሁ፣ አላነከሰም።

«ያኔ እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ አሁንም እያወቅሁ ዝም ያልኩት ነገር አለ ማለት ነው» ይላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ምልክት ሆነበት። ጉሮሮው ቢደርቅ ምልክት ነው፣ ጫማው ቢሰፋው ምልክት ነው። ስኳሩን ለክቶ ደህና ከሆነ መለኪያው ተበላሽቷል ይላል። ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ የጨረሰበትን ቀን አላስታውስም፤ ግማሹን ትቶ ይነሳል።

ባቲ ያገባችው ልጁ ፋሪዳ ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። በሰባተኛው ቀን የአቂቃ በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል፤ ፋሪዳም ስሙን አባቴ መጥቶ ያውጣ ብላ በየቀኑ ትደውላለች። እሱ «ኢንሻአላህ፣ ነገ እናያለን» ይላል። ዘሃራ እንኳ እሱን ብቻውን ትታ መሄድ ፈርታ ልጇን ሳታርስ ቀረች።

በስድስተኛው ቀን ጧት ቤቱ ሄድኩ። ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል።

«ሄጄ አንድ ነገር ብሆን በኋላ ምን እላለሁ? አውቄ ነበር ነው የምለው። ይኸው አሁን እያወቅሁት ነው።»

«ያወቅኸው ምንድን ነው?»

«እሱን አላውቅም።»

በዚህ መሃል ዘሃራ ስልኳን ይዛ መጣች። ያን ሰኞ ከባቲ የላከላትን የድምፅ መልእክት አላጠፋችውም ነበር። እንዲሰማ ከፈተችለት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዘሃራ፣ አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ገበያው ሞቅ ብሏል። እግሬም ደህና ነው፣ አታስቢ። በድሩ ግን እስካሁን ፍየል መምረጥ አልቻለም።» በድሩ የሚለው እኔን ነው፤ ከኋላ ሳቄ ይሰማል።

ተገላገልን አልኩ በልቤ። እሱ ግን «ድገሚው» አላት። ደገመችው።

«ሰማችሁ? ማንም ሳይጠይቀኝ እግሬን አነሳሁ። ደህና የሆነ ሰው እግሬ ደህና ነው ይላል? አውቄ ነበር።»

ስልኩን ቀምቼ በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ። ዘሃራ ግን መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እንዲያ ከሆነማ እኔም አውቄያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ይችን ድምፅ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ። እግሬ ስትል እየሰማሁ፣ ኹፉን አውልቅና እየው ብዬ አልደወልኩም። ጣቶችህን ያስቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

እንባዋ ወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ፤ አፈርኩ።

ሙሀመድአሚን መመላለሱን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማሎ፣ እባክሽ ዘሃራ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ደህና ነኝ ያለሽን ሰው ታምኚያለሽ እንጂ ምን ታደርጊያለሽ? ያን ቀን እኮ የሚታወቅ ነገር አልነበረም።»

የተናገረውን ራሱ ሰማው። ፊቱ ላይ አየሁት።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

እሱ ግን ወደ እኔ ዞረና «የነገው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም ተሳፈርን። ተሻለው ብዬ አልዋሽም፤ ኮምቦልቻ ላይ ካልሲውን አወለቀ፣ ባቲ መግቢያ ላይ ደግሞ አወለቀ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ፋሪዳ ቤት ገብተን ሕፃኑን እቅፉ ውስጥ አስቀመጡለት። ሰው ሁሉ ስሙን ይጠብቃል። እሱ መጀመሪያ የልጁን ትንሽ ካልሲ ሳበ። አንዱን እግር ገለበጠ፣ ሌላውን ገለበጠ፣ በጣቶቹ መሃል ቀስ ብሎ ዳበሰ።

«አባ፣ ምን ሆነ?» አለች ፋሪዳ ደንግጣ።

«ምንም። አሥሩም አሉ» አላትና ካልሲውን መልሶ አለበሰው። ከዚያ ስሙ ሙስዐብ ይሁን አለ።

ለቀትሩ የዙህር ሰላት ውዱእ ሊያደርግ እስኪነሳ ድረስ ልጁን ከእቅፉ አላወረደም፣ የራሱንም ካልሲ አልነካም። እኔ አስተውዬዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም።