ሥጋ ያልነካው ድስት

ልጄ ለሰንበት ትምህርት ቤት ዝግጅት ንግሥት ሆና እንድትቀርብ የወሰኑት አማቴ ናቸው። የመረጡላትም ከሐዲያ ሙስሊም ገዢ ቤት መጥታ፣ ክርስትና ተነሥታ፣ የክርስቲያኑን ንጉሥ ያገባችውን የጥንት ንግሥት ነው።

«ከእናትሽ ታሪክ ጋር ይሄዳል» አሏት፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

እውነታቸውን ነው። እኔም ክርስትና የተነሣሁት ላገባ ስል ነው። ልዩነታችን እሷ ቤተ መንግሥት ስትገባ እኔ ባሕር ማዶ፣ ሜስኪት የምትባል ከተማ፣ ከአማት ጋር መግባቴ ብቻ ነው።

እራት ላይ ልጄ ስትለማመድ ቆየችና ቆም አለች።

«ሶ፣ የኩዊኗ እናት ትመጣ ነበር? ቪዚት ታደርጋት ነበር?»

ባሌ ታሪክ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ የንጉሡን ጦርነቶች አንድ በአንድ ይተርካል። የንጉሡን አማት ግን አያውቃትም። «እሱ አልተጻፈም» አለ።

«ብትመጣስ ምን ትበላለች?»

አማቴ «ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አሏት። የእኔ እናት ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ ዘንድ ነው የምትኖረው። ቤቴ ትመጣለች፣ ልጄን አገላብጣ ትስማለች፣ ውሃዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ትጠጣለች። የክርስቲያን ሥጋ በተሠራበት ድስት የበሰለ ነገር ግን አትቀምስም። «ጠግቤ ነው የመጣሁት» ትላለች። ካገባሁ ጀምሮ እንደጠገበች ነው። እሷን ሸኝቼ ስመለስ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ንግሥት ብሆን አልቃሽ ይቀጠርልኝ ነበር።

በማግስቱ ልጄ እናቴ ጋ ደወለች። «ኢንቫይት አደረግኳት። ከፕሮግራሙ በኋላ እኛ ቤት ላንች ትበላለች» አለችን። አማቴ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡና ድስቶቹን አንድ በአንድ ማየት ያዙ። ለበጎ አልመሰለኝም።

በዝግጅቱ ቀን እናቴ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ሻሿን እንደጠመጠመች ተቀመጠች። የልጅ ልጇ አክሊል ደፍታ «የአባቴን ሃይማኖት ትቼ» ስትል ከሰው ሁሉ በላይ አጨበጨበች። ምን ታድርግ፣ አያት ናት።

ቤት ስንደርስ አማቴ ጠረጴዛው መሐል አንድ ድስት አስቀመጡ። የሱቁ ወረቀት ከእጀታው ላይ ገና አልተላጠም።

«ምስር ነው» አሉ፣ ጠብ እንደሚፈልግ ሰው ተኮሳትረው። «መቼም ጾም ነው። ድስቱ አዲስ ነው፣ ማማሰያውም አዲስ ነው። ሥጋ የሚባል ነክቶት አያውቅም። ይብሉ!»

እናቴ ድስቱን አየች፤ ቀጥሎ እኔን። «ቢስሚላህ» ብላ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሰችኝና ራሷ መብላት ጀመረች። ጨመረች፤ ደግማም ጨመረች።

«ርቦኝ ነበር እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ለዶሮ ወጥ የሚሆን ድስት ስፈልግ ያንኑ አነሣሁ። አማቴ ከሶፋቸው ላይ ጮኹብኝ።

«አስቀምጪ! የእናትሽ ነው።»